የአራት ሰዓት ራት

ፒያሳ፣ ከባንኩ ጥግ፣ ካርቶን አንጥፎ ሚዛን ያስቀምጣል፣
ሙሄ ነው ስሙ፤ በአምስት ብር የሰው ሸክም ያነባል።
ወጣሁ ከነጫማዬ፣ ከነመኪናው ቁልፍ፣ ከነዝርዝሬ፤
«ዘጠና ሦስት» አለኝ። «ጫማውን ቀንስ» አልኩት።
ሳቀብኝ፣ በገዛ አምስት ብሬ።

ምን በልቼ?
ጠዋት ሻይ ብቻ፣ እሱንም ቆሜ፣ መናኸሪያው በር ላይ፤
ቀን ሀረጎን ስወጣ ስወርድ፣ ጥምዝዙን እንጂ እህል ሳላይ፤
ኮምቦልቻ ሙቀት፣ ደሴ ብርድ፣ ደግሞ ኮምቦልቻ፣ ደግሞ ደሴ፣
ከረዳቴ ኪስ ቆሎ፣ እፍኝ የማይሞላ፣ የማይበቃ ለጥርሴ።
በዚህ ይወፈራል?
ሰው በባዶ ሆዱ ውሎ፣ ቀበቶው እንዴት ይጠበዋል?

ግን ማታ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ጦሳ ጉሙን ደርቦ ሲተኛ፣
በሩን ትከፍታለች ጦይባ፣ እህል ሳትቀምስ የጠበቀች፣ የረሀቤ ጓደኛ።
የቀኑን ቁርስ፣ የቀኑን ምሳ፣ የቀኑን ራት ባንድ ትሪ
አቅርባ ትቀመጣለች፤ «አንተ ጀምር»፣ «አንቺ ጀምሪ»።
ስለ ኋላ ጎማው፣ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ልጃችን ሒሳብ ፈተና፣
አፌ ሁለት ሥራ ደርቦ፣ ሲያወራ ሲበላ፣ ሲበላ ሲያወራ፣
ትሪው ያልቃል፤ ወሬው ገና።
ከዚያ ትራስ። የመጨረሻው ጉርሻ ከደረቴ ሳይወርድ
ዓይኔ ይወርዳል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ዘርትሁን የደም ግፊቴን ለክታ፣
«ምን ትበላለህ?» ልትለኝ ነው ስል፣ «መቼ?» አለችኝ፣ ጥቂት ቆይታ።
መቼ?
እኔ የመነሻ ሰዓት ሰው፣ የሆዴን መነሻ አላውቅም።
«ሆድም እንደናንተው መናኸሪያ ነው፤ ሲመሽ በሩ የሚዘጋ፤
ከመሸ የገባ ጭነት አራጋፊ አጥቶ፣ እዚያው ያድራል እስኪነጋ።
እርግጥ ጥናቱ ሁሉ ባንድ አፍ አልተናገረም፤
ሰዓት ብቻውን አያከሳም፣ ሰዓት ብቻውን አያወፍርም፤
ግን ያንኑ ጭልፋ፣ ያንኑ እንጀራ፣ ወደ ጠዋት ብታዞረው፣
እስቲ ሞክረው።»

ሞከርኩት።
ጎህ ሳይቀድ ቂንጬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ወርጄ ምሳ፣
ጀምበር ሳትጠልቅ አንድ ሳህን ሽሮ፤ ከዚያ ወዲያ መብል ተረሳ።
በመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ ጮኸ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከሞተሩ በላይ፤
ረዳቴ ይመር ጆሮውን አቁሞ፣ «ጋሼ፣ ማርሹ ነው ወይ?»
በሁለተኛው ወር ሙሄ አነበበ፤ «ሰማንያ ስምንት»።
ቀበቶዬን በምስማር በሳሁት።

ግን ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ ያው በር፣ ያው ጦይባ፣ ያው ትሪ፤
«በልቻለሁ» እላለሁ። «አንተ ጀምር» የለ፣ የለ «አንቺ ጀምሪ»።
ውሃ ይዤ አያታለሁ። ብቻዋን ስትቆርስ እጇ ያፍራል፤
ሦስት ጉርሻ፣ ትሪው ይነሳል፤ ወሬውም አብሮ ይነሳል።
ፈተናው እንዴት ሆነ? አልጠየቅኩም። ጎማውንም አልነገርኳት።
አምስት ኪሎ ወረደልኝ፤
አንድ ሰዓት ወሰድኩባት።

አንድ ሌሊት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ለቂንጬዬ ስነሣ በዳበሳ፣
መብራቱ በርቷል። ሁለት ማንኪያ። ጉንጯ ላይ የትራስ ጠባሳ።
«ሱሑር መሰለሽ?» አልኳት፤ «ረመዳን እኮ አልገባ።»
«ዝም ብለህ ብላ። ጎማው እንዴት ሆነ?» አለችኝ ጦይባ።
ውጪ ጉም ነው። ይመር ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ
ስለ ጎማው አወራኋት፣ ቂንጬው እስኪቀዘቅዝ፣
ልጃችን ነቅቶ በር ላይ ቆሞ፣ «ራት ነው?» እስኪለን።

ከዚያ ረመዳን በእውነት ገባ፤ ሰዓቱ ሁሉ ተገለበጠ፣
ሳምቡሳው በመግሪብ፣ ሾርባው ከተራዊሕ ወዲያ፣ የሲስተር ምክር በጉም ተዋጠ።
በዒድ ማግስት ፒያሳ ወጣሁ። ሙሄ አጎነበሰ፣
አነበበ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ አጎነበሰ።
«ስንት ነው?» አልኩት።
«ጫማውን ልቀንስ?» አለኝ።